ያልተቆጣሁበት ክረምት

ሐምሌ 17 ቀን 2003፣ እሑድ

ጉዳዩ፦ ባሌን ይመለከታል።

ይህ ደብተር የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ለአዲሱ በጀት ዓመት የገቢ ደብዳቤ መመዝገቢያ እንዲሆን ቤት ወስጄ መስመር ላሰምርበት ዓርብ ዕለት ይዤው ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ አልወጣም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሆነውን ነገር ሳይመዘግብ እንቅልፍ አይወስደውም። እንቅልፍስ ለማንኛውም የለም፤ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው።

ባዳቾ አለ። ይተነፍሳል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ፦ ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ግቢያችን ውስጥ መሰላሉ አጠገብ ወደቀ። ከጣራ አልወደቀም። ከጣራው ወርዶ፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ሁለት እግሩ መሬት ረግጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ አስረድቻለሁ። ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ደረቱን በሁለት እጁ ይዟል። ጎረቤቴን አዛለችን ጮኼ ጠራኋት፤ እሷም በሻሽ ብቻ ሮጣ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች። ባዳቾ ረጅም ሰው ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ባጃጅ ነው። እኔ ጭንቅላቱን ታቀፍኩ፣ አዛለች እግሩን በወዲያ በኩል ወደ ውጭ አውጥታ ያዘች፣ እንደ አጣና ጭነነው ሄድን። አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ።

እዚያ ባጃጅ ውስጥ ለእግዚአብሔር አንድ ቃል ገባሁ። እኛ ጴንጤዎቹ ጋ ስለት የሚባል የለም፤ ቃል ግን ቃል ነው። «ይህን ሰው ብትመልስልኝ ሁለተኛ አልቆጣውም» አልኩ። ከነገር ሁሉ ይኸኛው ለምን አፌ ላይ እንደመጣ አሁን አልጽፍም።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ልቡ ቆመ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘው የልጄ የብሩክታይት የክፍል ጓደኛ ይመስለኛል። ደረቱን በሁለት እጁ እየተጫነ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። በኋላ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ ወጥቶ «እናቴ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋብን፣ ሁለት ጊዜ መለስነው» አለኝ። የሰው እጅ ስሜ አላውቅም፤ የሱን ግን ሳምኩት መሰለኝ።

ባዳቾ ማታ ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ የተናገረው «ጫማዬስ?» የሚል ነው።

ሐምሌ 18

ኦክስጅን። ሆዱ ላይ መርፌ። የልብ ምቱን ወረቀት በየጊዜው ያወጣሉ፤ መስመሩ እንደ ዳሞታ ተራራ ወጣ ገባ ይላል፣ ቀጥ እንዳይል ብቻ። ብሩክታይት ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መጣች። ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቷ «ነጥብሽ ስንት ገባ?» አላት። የሂሳብ አስተማሪ እንዲህ ነው። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐምሌ 20

ዶክተሩ በሁሉም ፊት «አንድ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ባለቤቱ ናት ያተረፈችው» አለ። ነገሩ በአንድ ጊዜ ከሆስፒታሉ አልፎ ሶዶን አዳረሰ። ከሰዓት ባሌን ሊጠይቁ የመጡ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ከሱ በፊት እኔን ጨበጡኝ።

ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ዱባለ ከጉኑኖ በዝናብ መጣ፤ ካፖርቱ ሥር የቅቤ ማሰሮ አቅፎ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «አስካለች፣ አንተ ጀግና ነህ! ወንድሜን ከሞት አፍ አወጣህ!» አለኝና በበሽተኛው ፊት ማሰሮውን ከፈተ። ነርሷ ጮኸች። «ቅቤ ያልጠጣ ልብ በምን ይበርታ?» ብሎ በጣም ተቀየመ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ጋሽ ዱባለ ይህን ሲል የባዳቾን ፊት አላየሁም። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ።

ሐምሌ 22

ዛሬ ጠያቂ ሁሉ ባዳቾን ይወቅሳል። «በሐምሌ ዝናብ ጣራ ላይ ምን ወሰደህ? ሃምሳ አምስት ዓመትህ እኮ ነው! አስካለች ባትኖርስ?» እሱ «ጣራው ናፍቆኝ ነው» እያለ ይስቃል። ለአምስቱም ጠያቂ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ። እኔ ብርቱካን ልጣጭ ልደፋ ወጣሁ። አምስት ጊዜ ወጣሁ፤ ብርቱካኑ ግን ሁለት ነበር።

ሐምሌ 26

ወጣን! ቤታችን ነን! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዶክተሩ ትእዛዝ፦ ጨው የለም። ቅቤ የለም። ጥሬ ሥጋ ጭራሽ የለም (ባዳቾ ይህን ሲሰማ ከመርፌው ይልቅ ያኔ ያመመው ይመስለኛል)። መድኃኒት ጠዋትና ማታ። ቀስ ብሎ በእግር መሄድ። መበሳጨት የለም።

መበሳጨት የለም ሲል ዶክተሩ እኔን ለምን አየኝ? ነገር እየፈለግሁ ይሆናል።

ነሐሴ 3

ቃሌን እየጠበቅሁ ነው። ቀላል እንዳይመስል። ባዳቾ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ የሚጥል ሰው ነው። የምላጩን ፀጉር ቧንቧው ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ ይወስደውና ስዘጋው «እያዳመጥኩ እኮ ነው» የሚል ሰው ነው። ዛሬ ሦስቱንም አደረገ። ፎጣውን አንስቼ አሰጣሁ፣ ቧንቧውን አጠብኩ፣ ሬዲዮውን ተውኩት። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ብሩክታይት «እማዬ፣ አሞሻል?» አለችኝ።

የቅቤው ነገር ደግሞ አለ። ጠያቂ ሁሉ ቅቤ ይዞ ይመጣል። መስቀላ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ ለበዓሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመው ቅቤ በእጁ ነው፤ ከዚያ ላይ ቆርሶ «ለባዳቾ ልብ» ብሎ ሲያመጣ እንዴት አድርጌ አይሆንም እላለሁ? ቅቤ መመለስ ሰው መመለስ ነው። እቀበላለሁ፣ እመርቃለሁ፣ በጓሮ በኩል ለአዛለች አቀብላለሁ። የአዛለች ባል በአንድ ሳምንት ፊቱ አብርቷል። ነገ እሱን ደግሞ ባጃጅ ውስጥ እንዳንጭን እፈራለሁ።

ነሐሴ 9

ሥራ ገባሁ። የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ «ባለፈው ወር የተገኘ ምርጥ ተሞክሮ» በሚለው ዓምድ ሥር የኔን ስም ጽፎ ጠበቀኝ፦ «ባለቤቷን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም በማድረስ።» ለዞን ሪፖርት ሊሄድ ነው። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። ራሴ መትቼ ላክሁት።

አቤት።

ነሐሴ 11

ባዳቾን ሕመሙ በጣም አለሰለሰው። ዛሬ ብሩክታይትን ቁጭ አድርጎ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ፣ የውሃው ውል የት እንዳለ፣ ከጉኑኖው መሬት የትኛው የሱ ድርሻ እንደሆነ በወረቀት እየሣለ አስተማራት። ድሮ ቁልፍ የት እንደሚያስቀምጥ እንኳ የማይናገር ሰው! ከዚያ አዲሱን ጃኬቱን ለጋሽ ዱባለ ላከለት። «ሰፋኝ» አለ። እውነት ከስቷል። ግን ይወፍራል እኮ።

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ደግሞ አስጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው፤ በ1996 አርፍዶ ሲመጣ በሩን አልከፍትም ስላለው የተናገረው ነገር ነበር። ዘበኛው ነገሩን ረስቶታል። ሁለቱም ተላቀሱ። እኔ የቦዬ ሥር ቀቅዬ አቀረብኩላቸው፣ ያለ ጨው። ዘበኛው ያን ጊዜ የበለጠ አለቀሰ።

ሰው ከሞት ሲመለስ ልቡ እንዲህ ይሰፋል ማለት ነው። ተመስገን።

ነሐሴ 15፣ እሑድ

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ቤተክርስቲያን ሄድን። ቀስ ብለን፣ ክንዴን ይዞ። ሽማግሌያችን አቶ ሚልክያስ ከመድረክ ስሙን ሲጠሩ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ለጊፋታው እሑድ፣ መስከረም 14 ቀን፣ የምስጋና ፕሮግራም እንዲሆን ተወሰነ። ምስክርነቱን እኔ እንድሰጥ። አቶ ሚልክያስ «ርዕሱን ብልህ ሚስት ብለነዋል» አሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ሌላ ርዕስ የለም?» አልኩ።

«ትሕትናሽን እናውቃለን» አሉ።

ነሐሴ 19

ዛሬ ባዳቾ በጭቃ ጫማ ሳሎን ገባ። ከበሩ እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ መስኮቱ፣ እንደገና እስከ በሩ። ወለሉን ያጠብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ገና ያልደረቀ። ቆሞ አየኝ። ጥርሴን ነክሼ «ደከመህ? ና ተቀመጥ» አልኩና ጨርቅ አመጣሁ።

በምሳ ሰዓት ደግሞ ጨው ከየት እንዳገኘ አላውቅም፣ ዓይኔ እያየ ወጡ ላይ በተነ። ሳህኑን ቀስ ብዬ ወሰድኩና «ተው የኔ ጌታ» አልኩት። ፊቱ ነጭ ሆነ። መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። ለዶክተሩ መንገር አለብኝ።

ነሐሴ 23

እሺ። እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን ጠዋት ባዳቾ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሣና «ደረቴን ያዝ ያደርገኛል» አለ። እኔ «ጨጓራህ ነው» አልኩ። ተልባ በጠበጥኩለት። «ጣራውን ከሰዓት ልሥራው፣ ትንሽ ልረፍ» አለ። ጣራው ሦስት ሳምንት እያፈሰሰ ነበር፤ ልክ በአልጋችን ራስጌ። እኔም ያልኩት ይኸው ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ቅጣቱ ይኸው ነው፦ «ሥራ ሲባል ነው ደረትህ የሚያምህ? የሰው ባል ቤት ይሠራል፣ አንተ አንድ ሚስማር አትመታም! አሁኑኑ ውጣ!»

ወጣ። አንድም ነገር ሳይመልስ ወጣ። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ለቆጡ ስል የብብቴን ራሱን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እግዚአብሔር መልሶ ብብቴ ውስጥ ባያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ይህን ቤት እንዴት እገባበት ነበር? ምርጥ ተሞክሮ! ብልህ ሚስት! ሰው ያመሰግነኛል፣ እሱ ይወቀስልኛል፣ «ጣራው ናፍቆኝ ነው» ይልልኛል። ያስታውስ ይሆን? ወይስ መውደቁ አስረስቶታል? ብጠይቀው ራሴ ላስታውሰው ነው። ባልጠይቀው እንዲህ እሆናለሁ።

ጳጉሜን 2

የሐኪም ቀጠሮ። ዶክተሩ ባዳቾን አስተኝቶ መረመረው፣ መሰላል አስወጥቶ አስወረደው (መሰላል! የብረት ሦስት ደረጃ ናት፣ እኔ ግን ላቤ መጣ)። «በጣም ጥሩ ነው» አለ። ባዳቾ ሸሚዙን ሲቆልፍ ዶክተሩን ለብቻ ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ዶክተር፣ አንድ ሰው ደረቱን እያመመው ጣራ ላይ ቢወጣ... ቢያስወጡት... ልቡን የዘጋው እሱ ነው?»

የገባው ይመስለኛል። «እናቴ፣ የልብ ደም ሥር በአንድ ጠዋት አይዘጋም። የዓመታት ሥራ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦም ይመጣበት ነበር። ደረቱን ያመመው ሰው ግን ወዲያው ማረፍና ወዲያው መምጣት አለበት። ይህን ለሌላው ንገሪ» አለኝ። እንባዬ መጣ። ዞር ስል ባዳቾ በመስታወቱ በር ውስጥ ቆሞ ያየናል።

«ምን አለሽ?» አለኝ ባጃጅ ውስጥ።

«ምንም» አልኩ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ።

ቤት እስክንደርስ እጄን ይዞ ነበር። አጥብቆ ያዘኝ፣ እንደ ሙሽርነታችን። ደስ አለኝ።

መስከረም 1 ቀን 2004

እንኳን አደረሰን። እንኳን አደረሰው! በቃ።

መስከረም 5

ጋሽ ዱባለ ለበሬው ነገር መጣ። ዘንድሮም የቅርጫው ማኅበር በሬ የተገዛው ገና በሰኔ ነው፤ ጉኑኖ እየደለበ ነው። ሥጋውን የሚያካፍለው ሁልጊዜ ባዳቾ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ቅር ሳይለው ሥጋ ማካፈል ከሂሳብም ከሽምግልናም በላይ ነው፤ ባዳቾ ሲያካፍል ዕጣ እንኳ ለወጉ ነው የሚጣለው።

ወንድማማቾቹ ደጅ ተቀምጠው በወላይትኛ ያወራሉ። ባዳቾ «ከአባባ ጎን ያለችውን ቦታ ለእኔ ተውልኝ» ሲለው ሰማሁ። ጋሽ ዱባለ አጎንብሶ በዱላው መሬት ይጭራል። ጡረታ ሲወጣ ቡና ሊተክልባት ይሆናል፤ ለእኔ ሳይነግረኝ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ አንድ ሳምንት እቆጣው ነበር። አሁን «ይትከል» አልኩ በልቤ።

ጋሽ ዱባለ ሲሄድ እኔን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አለቀቀኝም። ጃኬቱ የባዳቾ ጃኬት ነበር።

መስከረም 8

የምስክርነቱን ወረቀት አራት ጊዜ ጻፍኩ። አራቱም ላይ ጣራው የለም። «ባለቤቴ በድንገት ታመመና» ብዬ እጀምራለሁ። ለሕዝቡ ቀርቶ ለባዳቾ አልነገርኩትም። ከጊፋታ በፊት ያልተጨረሰ ነገር ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ ይናገራል። እናቴ ለዚህ ቀን ስትል ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ትውል ነበር። እኔ ደግሞ ያለብኝ ነገር እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

መስከረም 10፣ ረቡዕ

ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እመዘግባለሁ፤ አንድ ቃል አይቅር።

ከሥራ ስገባ ባዳቾ ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር ሁለት ወንበር አውጥቷል። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ዳሞታ ጫፉ ድረስ ይታያል።

«አስኩ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። «ጊፋታ ሳይገባ ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ። እውነቱን ንገሪኝ።»

አስታውሷል አልኩ። «ጠይቅ» አልኩት።

«ዶክተሩ ስንት ወር አለው አለሽ?»

«ማን?»

«እኔ።»

ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ማንም አላለኝም። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ደመርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሳትቆጪኝ የዋልሽበት ቀን የለም። አሁን ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ፎጣ ጣልኩ፣ ዝም። ጭቃ ይዤ ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፣ ዝም። ዓይንሽ እያየ ጨው በተንኩ፣ 'የኔ ጌታ' አልሽኝ!» ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «አስኩ፣ አንቺ 'የኔ ጌታ' የምትይው ሰው ሊሞት የደረሰ ሰው መሆን አለበት። ከዶክተሩ ጋር ስታለቅሺም አይቻለሁ። ለዱባለ እንኳ መቀበሪያዬን ነግሬዋለሁ።»

ከአባቱ ጎን ያለችው ቦታ። ቡና አይደለም ለካ። ይህን ሁሉ ጊዜ ይህ ሰው አጠገቤ ተኝቶ ሞቱን እየጠበቀ ነው ያደረው፤ እኔ ደግሞ ልቡ ሰፋ እያልኩ ተመስገን እላለሁ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ጉልበቱን ያዝኩና ሁሉንም ነገርኩት። ባጃጅ ውስጥ የገባሁትን ቃል። ዶክተሩ «በጣም ጥሩ ነው» ያለውን። ኮሪደሩ ላይ የጠየቅሁትን። ከዚያ ጣራውን። ተልባውን፣ «የሰው ባል» ያልኩትን፣ «አሁኑኑ ውጣ» ያልኩትን፣ መሰላሉን መያዜን። «እኔ ነኝ የሰደድኩህ፣ ባዳቾ። እያመመህ እኔ ነኝ የሰደድኩህ» አልኩ። እንባዬ ሱሪውን አራሰው።

ባዳቾ «እሱንማ አውቃለሁ» አለ። «እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ ጣራው ናፍቆኝ ነው ትላለህ?»

«ምን ልበል? ሆስፒታል ስነቃ ያየሁት ፊት ላይ ሌላ ነገር ለመጨመር ቦታ አልነበረም።» ፀጉሬን ዳሰሰኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ዳሞታ ዞረ። «ደግሞ ያን ቀን የመጀመሪያው አልነበረም። ከሰኔ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ያዝ አድርጎኛል። ዳገት ላይም፣ ክፍል ውስጥም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። በሬው ተገዝቶ ነበር። ሐኪም ጋ ብሄድ ጥሬ ሥጋ ይከለክሉኛል፣ መስቀላ ይለፍ ከዚያ እሄዳለሁ ብዬ...»

ከዚህ በኋላ ያልኩትን ሁሉ መመዝገብ አልችልም፤ ከእኔ አፍ የወጣው ከእኔ እጅ ይፈጥናል። ተነሥቼ ቆሜ ነበር። «ለሥጋ! ለአንድ መደብ ሥጋ ብለህ እኔን መበለት ልታደርገኝ!» አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ክፍል ውስጥ ለስድሳ ልጅ ታስተምራለህ፣ አንተን ማን ያስተምርህ!» አልኩ። ፎጣውንም ጨመርኩ። የምላጩን ፀጉር ጨመርኩ። የሁለት ወሩን ሁሉ በአንዴ ጨመርኩ። አዛለች ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች፦ «ምን ሆናችሁ? ባዳቾ ደህና ነው?»

«ደህና ነው! ልገድለው ነው!» አልኳት።

ባዳቾ ይስቃል። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው በጣቶቹ መሃል እየወረደ ይስቃል። «ዱባለ ጋ ደውዪልኝ» አለ። «አልሞትም በዪው።»

የገባሁትን ቃል አፍርሻለሁ። ማታ ስንጸልይ ይህን ለእግዚአብሔር በግልጽ ተናገርኩ። ባዳቾ ከጎኔ ሆኖ «እሱም የሁለት ወሩ ዝምታሽ አስፈርቶት ይሆናል» አለ። በጸሎት መሃል ቀልድ! ተቆጣሁት።

መስከረም 14፣ እሑድ፣ ጊፋታ

ዮዮ ጊፋታ! መንገዱ ሁሉ ይጨፍራል፤ ቤተክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞልቷል። ጋሽ ዱባለ ጃኬቱን መልሶ አምጥቶ «ያንተ ነው፣ አልሞትክም» ብሎ በግድ አለበሰው።

አቶ ሚልክያስ «ብልህ ሚስት» ብለው ጠሩኝ። የጻፍኩትን ወረቀት አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩ። «ወገኖቼ፣ ባሌን ባጃጅ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ጣራ ላይ ያወጣሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። የነበረውን እንደነበረ ተናገርኩ። ደረቴን ሲለኝ ጨጓራ እንዳልኩት። እንደተሳደብኩ። ከዚያ ዶክተሩ ለሌላው ንገሪ ያለኝን ነገርኩ። «እኔ ብልህ አይደለሁም። እግዚአብሔር ግን መሐሪ ነው። ለብልህነቴ ሳይሆን እንዲሁ መለሰልኝ። ባላችሁ ደረቴን ካላችሁ ተልባ አትበጥብጡ፣ ጣራው ያፍስስ!»

አቶ ሚልክያስ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ «እኔም የኔን ሰድጄዋለሁ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ ከወንዶቹ በኩል ደግሞ አንድ ድምፅ «እውነቷን ነው!» አለ፣ ባሏ መሆን አለበት፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አዛለች እልልታውን አቀለጠችው። ባዳቾ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ማንም ሳይጠራው ወደ መድረኩ ወጣ፣ ሦስቱን ደረጃ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ። ማይኩን ከእጄ ወሰደና «ሚስቴ ያልነገረቻችሁ እኔ በሽታዬን ለሥጋ ብዬ እንደደበቅሁ ነው። እሷ ማንነቷን አልደበቀችም፤ ሁላችሁም ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰሟት ኖራችኋል። ጋላታይስ፣ አስኩ» አለ።

ምስጋናውን በአፍ መፍቻችን ሲለው ልቤ ቀለጠ።

መስከረም 15

ዶክተሩ ከሰዓት ደወለ። «እናቴ፣ ቤተክርስቲያን ምን ተናግረሽ ነው? ዛሬ አሥራ አንድ ወንድ ሚስቱ እየነዳችው መጣብኝ» አለ። «አንዱ የጎረቤትሽ ባል ነው።»

«የቅቤው?»

«የምን ቅቤ?»

«ምንም፣ ቀጥል» አልኩ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን አስተኝቷል። ጊዜ አለ፣ በደህና ቀን ነው የመጡት አለኝ። ስልኩን ዘግቼ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ። በመደርደሪያዎቹ መሃል፣ ማንም በማያይበት፣ ተንበረከክሁ። ሁለት ቤት ዛሬ ማታ አባት አለው። ለእኔም ባሌ የተረፈልኝ እንዲህ ነው። አመሰግንሃለሁ ጌታ ሆይ፤ ከዚህ የበለጠ ቃል በየትኛውም መዝገብ ቢፈለግ አይገኝም።

መስከረም 16

እርዱ ዛሬ ነበር። ባዳቾ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አሥራ ሁለቱን መደብ አካፈለ፤ ማንም ቅር አላለውም። ለሱ የተጠበሰ ቀይ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ከጎመን ጋር። ወንዶቹ በሚያቃጥለው ዳጣ እየነከሩ ጥሬውን ሲበሉ ዓይኑ አብሯቸው ይበላ ነበር። ዞር ስል አንዲት ቁራጭ፣ የአውራ ጣት የምታክል፣ ወደ አፉ ስትሄድ ያዝኳት። በጉባኤው ሁሉ ፊት ተቆጣሁት። ሁለተኛ ጊዜ የተቆጣሁት ማታ ነው፤ መነጽሬን ደበቅህ ብዬ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አሁን ያንኮራፋል፣ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።